እምድብር ላይ ዝም ያለው ሞጁል

ለመስቀል አገሩ የገባ ጉራጌ ኮምፒውተር ሊጠግን አይመጣም። ክትፎው ቀርቦ፣ ዘመድ ከአዲስ አበባም ከወልቂጤም ተሰብስቦ ሳለ ግን የአክስቴ ልጅ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ዋይፋዩ እምቢ አለኝ» አለኝ። እምድብር ከተማ ጽሑፍ የሚተይብበትና ፎቶ ኮፒ የሚያነሳበት ትንሽ ሱቅ አለው። ከደንበኞች ፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ ቢያስመርረው አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ኡቡንቱ ጭኗል፤ ደግ አደረገ። ለበዓል የገባው ሰው ሁሉ በቴሌግራም የደረሰውን ፎቶና ሰነድ አትምልኝ ይለዋል፤ ላፕቶፑ ግን ኢንተርኔት የለውም።

ጀፎረውን፣ የመንደሩን ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ይዘን ወደ ከተማ ወጣን። ያን የሚያህል ሜዳ ማንም ሳያጥረው በባህሉ ሕግ ተጠብቆ እዚህ መድረሱ ሁሌም ያስደንቀኛል።

ልጁ ጎበዝ ነው። ማሽኑ ሲነሳ የዋይፋዩን ሞጁል የሚጭን ስክሪፕት ጽፎ፣ ሞድፕሮብ የሚለውን ሁሉ ፋይል ውስጥ እንዲያስገባ አድርጓል። ፋይሉን ስንከፍተው ባዶ ነው። «ባዶ ከሆነ ስህተት የለም ማለት አይደል?» አለኝ።

እንዲያ ብሎ ማሰቡ ተገቢ ነው። ሞድፕሮብ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ብቅ ባለው ኬሞድ ውስጥ ከኤልኤስሞድና ከኢንስሞድ ጋር አብሮ የሚኖር መሣሪያ ነው፤ ሥራው ሞጁልን ወደ ሊኑክስ ከርነል ማስገባት ነው። ሲሳካለት ዝም ይላል። ልማዱ ውጤት በቴሌታይፕ ወረቀት ላይ ከሚታተምበት ከዩኒክስ ዘመን የወረደ ነው። ሞጁሉ ቀድሞ የገባ ከሆነም ዝም ብሎ «ተሳክቷል» የሚል መውጫ ቁጥር ይሰጣል። ስህተት ሲያገኝ ደግሞ በመደበኛው መውጫ ሳይሆን ስታንዳርድ ኤረር በሚባለው ሌላ መስመር ይናገራል፤ የልጁ ስክሪፕት የሚቀዳው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። እኛ ጋ ግን ከዚህም የባሰ ነበር፤ ሞጁሉ በሰላም ገብቷል። ከገባ በኋላ ፈርምዌሩን፣ ማለትም የዋይፋይ ካርዱ የሚሠራበትን ፋይል፣ ፈልጎ ያጣው ከርነሉ ነው፤ እሱም ያጣውን የጻፈው በራሱ መዝገብ ነው። ዲሜሴጅ በሚለው ትእዛዝ መዝገቡን ስናነብ የጎደለው ፋይል ስሙ ሳይቀር ተጽፎ ተገኘ። የኢንስሞድ መመሪያም ቢሆን ዝርዝሩን እዚያ ፈልጉ ነው የሚለው። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እምድብር ላይ ደንበኛ የቆመበት ልጅ ከየት ይወቀው?

ፈርምዌሩ የሚገኘው ከኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔት የሚገኘው ደግሞ በፈርምዌሩ። ስልኬን በዩኤስቢ ላገናኝ ብል ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያሳልፍ ሆነ። በዓል ስለሆነ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ደግነቱ አንድ የባጃጅ ሾፌር የራሱን ገመድ ነቅሎ ሰጠን። ስልኩ እንደተሰካ ማሽኑ የሚያስፈልገውን ሞጁል ማንም ሳያዝዘው ጭኖ ኢንተርኔቱ መጣ። ፋይሉ ወርዶ ሳያልቅ መብራት ሄደ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ወደ ማዕዱ ተመለስን። መብራት ሲመጣ ፋይሉን አውርደን፣ ሞጁሉን አስወጥተን እንደገና ስናስገባው ዋይፋዩ ተነሳ።

ስክሪፕቱን ግን እንደነበረ ትቼ መሄድ አልፈለግሁም። ሁለቱም መስመሮች ወደ አንድ ፋይል እንዲገቡ አደረግን። ሞጁሉ ቀድሞ የገባ ከሆነ እንዲናገር «ፈርስት ታይም» የሚለውን አማራጭ ጨመርን፤ መውጫ ቁጥሩን እንዲመዘግብ፣ የከርነሉንም የመጨረሻ መስመሮች እንዲቀዳ አዘዝነው። መልእክቱ በአማርኛ ይሁን ብንል ማሽኑ ሲነሳ በሚታየው ጥቁር ስክሪን ላይ ፊደሉ አልወጣም፤ ያ ስክሪን ከ512 በላይ የፊደል ቅርጽ አይዝም፣ የእኛዎቹም ከተጫኑት ውስጥ አልነበሩም። በዴቢያንና በኡቡንቱ የኮንሶል ማስተካከያ ውስጥ ግን ጎሃ የሚባል የግዕዝ ፎንት አለ። እሱን ስንመርጥ «ፈርምዌር ጎድሏል» የሚለው ቁልጭ ብሎ ተነበበ። ልጁ ሲያነበው ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ከዋይፋዩ መነሳት ይበልጥብኛል።

ጉብሬ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር የምትማሩ እህት ወንድሞቼ፣ የኬሞድ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሰባት ቤት ጉራጌ ተጨማሪ ፊደላትም እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኒኮድ ገብተዋል። ለአገር ቤት ሱቅ ስክሪፕት ስትጽፉ የተበላሸው ምን እንደሆነ ባለሱቁ በሚያየው ቦታና በሚያነበው ቋንቋ ጻፉለት።