ለአዲሱ የአይቲ ኃላፊ

እንኳን ደስ ያለዎት! ወንበሩ እንዲጸናልዎት ከፈለጉ ሲስተሙን ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይረዳው ያድርጉ። ቀላል ነው።

አዲስ ሲስተም ይግዙ፤ አሮጌውን ግን አይዝጉ። አዲስ ሲገባ ሪባን ይቆረጣል፣ ኬክ ይቆረሳል። አሮጌ ሲዘጋ ያጨበጨበ ሰው አይተው ያውቃሉ? «ለማንኛውም ይቀመጥ» ይበሉ። ከዚያ ሁሉንም እርስ በርስ በቀጥታ ያገናኟቸው። አሥር ከሆኑ 45 መስመር ያስፈልጋል፣ ሃያ ሲሞሉ 190። ሲስተሙ እጥፍ ሲሆን ጣጣው ከአራት እጥፍ በላይ፤ እንዲህ የሚያተርፍ ንግድ መርካቶም አይገኝ።

የደንበኛ ስም አንድ ቦታ ብቻ እንዳይቀመጥ። ብድር ክፍል «ዓለሙ»፣ ቁጠባ ክፍል «አለሙ» ብለው ይመዝግቡት፤ ካርድ ክፍል ደግሞ በላቲን ፊደል እንደመጣለት ይጻፈው። ለኮምፒዩተሩ ሦስት ሰው ሆኑ ማለት ነው። የልደት ቀኑንም አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዘው፤ ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው ከ12 ወር በላይ ከማያውቅ ፎርም ጋር ሲታገል ይዋል። ልዩነቱን ወር በገባ ቁጥር በኤክሴል የምታስታርቅ አንዲት ሠራተኛ አትጥፋ። ፋይሉ «የመጨረሻው አዲስ 2» ይባል፣ በእሷ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ይኑር። የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ የሲስተሙ አርክቴክቸርም አብሯት ይወጣል።

አሮጌ ማስቀመጥ ምን ይጎዳል የሚል ቢመጣ የናይት ካፒታልን ታሪክ አይንገሩት። ይህ የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ የማይሠራበትን ኮድ ሰርቨሮቹ ላይ ትቶት ነበር። ኦገስት 1 ቀን 2012 አዲስ ሶፍትዌር ሥራ ሲጀምር ከስምንቱ ሰርቨሮች አንዱ ላይ መጫኑ ተረስቷል። አዲሱ ሶፍትዌር የሚጠቀመው ማብሪያ ደግሞ የድሮው ኮድ ማብሪያ የነበረው ነው። በዚያ ሰርቨር ላይ የሞተው ኮድ ተነሣ፤ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከሰረ። ገበያው ሳይከፈት ሲስተሙ ለሠራተኞቹ 97 ኢሜይል ልኮ ነበር፤ በጊዜው ልብ ያለው አልተገኘም። (የእርስዎም ሲስተም ኢሜይል ይላክ እንጂ! ሪፖርት ላይ ያምራል።)

አደራ የምልዎት አንድ ነገር ነው። አንድ ወጣት ባለሙያ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ይህን ሲስተም ማን ይጠቀምበታል? ካልተፈለገ ለምን አንዘጋውም?» ካለዎት ቶሎ ወደ ሌላ ክፍል ያዛውሩት። እምቢ ካለ ኮሚቴ ያቋቁሙና ሰብሳቢ ያድርጉት።