ሉቃስ የሚባለው ተጠቃሚ

ሸጎሌ የከብት ገበያ በሬ ገዝቶ የተቆጨ ሰው ያየ፣ የኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም፣ ጠብ አይገርመውም። ገዢው በማግስቱ በሬውን እየጎተተ ይመጣና «ይኼ በሬ አይበላም!» ይላል። ሻጩ በሬውን ዞር ብሎ ሳያይ «እኔ ቤት ይበላ ነበር» ብሎ ይመልሳል። ደላላው መሀል ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። የኮምፒውተር ሰዎች ለዚህች የሻጭ መልስ ማኅተም ቀርጸውላታል። የሶፍትዌር ድርጅቱ የሞዚላ የአቤቱታ መዝገብ ባግዚላ ፋይል ከሚዘጋባቸው ቃላት አንዷ «ዎርክስ ፎር ሚ» ናት፤ እኔ ጋ ይሠራል። ከዚህ የባሰችም አለች፤ «ዎንት ፊክስ»። ችግሩ ገብቶኛል፣ ግን አልነካውም ማለት ነው። ሻጮቻችን እዚህ አልደረሱም።

ግቢያችን ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት አለ። ቀን ለደሞዝ ኮድ ይጽፋል፣ ማታ ደግሞ በነጻ። እናቱ ሁለተኛው ሥራ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። ይህ ልጅ የሚጠቀምበት፣ የብዙ አገር ዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት የካላንደር አፕ ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ ሰኞ ጠዋት፣ ስልኩ «መስከረም 1 ቀን 2016» አለው። ዶሮ ገና አልተገዛም። ማክሰኞም ሲነሳ ስልኩ እንደገና መስከረም 1 ነው ይላል። ሁለት እንቁጣጣሽ ማን ይጠላል? እሱ ግን ጠላ። እዚያው ቁጭ ብሎ አቤቱታ ጻፈ። መላውን በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል ነው የጻፈው፤ መግቢያው «የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ያለው ሕዝብ አንድ ቀን ተሰርቋል» ይላል። የስልኩ ዓይነት፣ የአፑ ቨርዥን፣ ስክሪንሾት፣ አንዳቸውም የሉም። አክሱም ግን ሁለት ቦታ ተጠቅሷል።

መልስ የመጣው ዓመት ቆይቶ ነው። የፕሮጀክቱ ጠባቂ በ2016 መጨረሻ አፑን ከፍቶ ጳጉሜንን ቆጠረ፤ አምስት። ቀጥሎ መስከረም 1። ሁሉም ልክ ነው፣ እኔ ጋ ይሠራል ብሎ ዘጋው።

«ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ ንቆን ነው!» እያለ መጣልኝ።

«ደሞዝ ይከፈለዋል?»

«ኧረ የለም፣ በነጻ ነው።»

«እና ከሥራ መልስ፣ ራቱን ሳይበላ የአንተን ጩኸት የሚያነብ ሰው ነው የናቀህ?»

ዝም አለ። ንዴቱ አልበረደም፣ ግን ላፕቶፑን ከፈተ። ምን አደረግህ፣ ምን ጠበቅህ፣ ምን አየህ፤ እነዚህን ብቻ ጻፍ አልኩት። ስሕተቱን ለማየት ምን ምን ይደረግ በሚለው ሥር የመጀመሪያውን ተራ እንዲህ ሞላው፦ «ዘመነ ሉቃስን መጠበቅ።»

ጠባቂው በጨዋ ደንብ መለሰ። ሉቃስ የሚባለው ተጠቃሚ ነው ወይስ አዘጋጅ? የትኛውን ቨርዥን ነው የሚጠቀመው?

በሰውዬው አልፈርድም። እኛ ከሕፃንነታችን ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያልን ዓመቱን በወንጌላውያን ስናዞር አድገናል፤ እሱ በየት ይወቀው? ልጁ ሒሳቡን ጻፈለት። 2015 ላይ 5500 ሲደመር 7515 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ 3 ከተረፈ ዘመኑ የሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች። 2016 ዮሐንስ ነው፤ ሰውዬው አምስት የቆጠረው በሬው በሚበላበት ዓመት መጥቶ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን አገሬው ወሬውን ሰማ። አንዱ ከዋሽንግተን መጥቶ «በመጀመሪያ ‹ጳጉሜ› ነው እንጂ ‹ጳጉሜን› አይባልም» አለ። አንድ ዲያቆን ከግእዝ ማስረጃ ጠቅሶ ገሠጸው። ሌላው ሁለቱንም ዘረኛ አላቸው፤ እንዴት እንደደረሰበት እስካሁን አልገባኝም። ስለ ጠፋችው ሰኞ የተነፈሰ የለም።

ይኼ አመል የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሊኑክስን መንደር ያመሰችው «ዲበግ» የምትባል አንዲት ቃል ናት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቃሏ ከተሰጠች፣ የሊኑክስ ከርነልም ሲስተምዲ የሚባለው ፕሮግራምም «እኔን ነው» ብለው ይሰሟታል፤ ሲስተምዲ መልእክቱን ከማዝነቡ የተነሣ ማሽኑ አልነሣ እስከ ማለት ደረሰ። የሲስተምዲ ወገን አቤቱታውን ጥፋት የለብኝም ብሎ ዘጋው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በበኩሉ የአንዱን የሲስተምዲ ፕሮግራመር ኮድ፣ አመሉን እስኪያስተካክል ድረስ አልቀበልም አለ። እሱም ቢሆን ለዓመታት በሰው ላይ ሲጮህ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል ብሏል። በዚያ በኩል ሽማግሌ የሚሆን ሰው ሳይጠፋ አልቀረም።

የእኛን ጉዳይ የፈታው ግብጻዊ ነው። የቅብጦች ዘመን አቆጣጠርም ትንሿ አሥራ ሦስተኛ ወር አለችው፤ ይህ ሰው ከልጁ አስቀድሞ ያንኑ ስሕተት አመልክቶ፣ የእሱም በዚያው ቃል ተዘግቶበት ኖሯል። ሁለቱ አቤቱታዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቀኑ አንድ ሆኖ ተገኘ። የእኛ ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ የእነሱ 1739 ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ለፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023። በእኛና በእነሱ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት 276 ነው፤ 276 ደግሞ ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ አንዲቷ የኮድ መስመር ለሁለቱም ሕዝብ በቃች። ጠባቂው ከሁለት አገር፣ ቀን ቆጥሮ የመጣ ምስክር ሲያይ ፋይሉን ከፈተ፣ ይቅርታም ጠየቀ። መስመሯን የጻፋት ልጁ ራሱ ነው፤ እውነተኛ ፈተናዋ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ነው።

የ«ጳጉሜ» እና የ«ጳጉሜን» ጉዳይ ግን አሁንም ክፍት ነው። በቅርቡ አንዱ ድምፅ ይሰጥበት ቢል፣ ዲያቆኑ ሰዋስው በድምፅ ብልጫ አይወሰንም ብሎ አስቆመው። ግብጻዊው ሊያስታርቅ ገብቶ «እኛ ናሲ ነው የምንላት፣ ከፈለጋችሁ እሱን ውሰዱ» አላቸው። ያኔ ሁለቱ ወገኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው ተቃወሙት።