የዶሮ ቤት በሐራና በአካባቢው፦ ስለ «ቤት ያለ» ዕቃ ሥነ ሕንፃ

የዶሮ ቤት ማለት ዶሮ እንድታድርበት የሚሠራ፣ ዶሮዋ ግን እስክትለምደው ድረስ አጠገቡ ካለው ዛፍ ላይ እያደረች የምታየው ግንባታ ነው። በሐራ፣ በመርሳና በወልድያ ዙሪያ የሚታወቀው ዓይነት መሐንዲስም ንድፍም የለውም፤ በጀቱም ከሚስማር አያልፍም።

ንድፍ የሌለው አካባቢው ግንባታ ስለማያውቅ አይደለም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የባቡር መስመር ውሉ በ2004 ዓ.ም. ተፈርሞ፣ አስቀድሞ ተለክቶ ኋላ መሠራት የጀመረ ነው። የዶሮ ቤት ግን አስቀድሞ ይሠራና ኋላ ይለካል። ቁመቱን የሚወስነው የተረፈው አጣና፣ ስፋቱን የሚወስነው የቆርቆሮው ቁራጭ ነው።

ጥንታዊነቱን በተመለከተ፣ ዶሮ የመጣችው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚኖር የጫካ ወፍ ነው። በትግራይ መዝበር በተባለ ስፍራ በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባለው ዘመን የተመደበ ሲሆን፣ በአፍሪካ ከታወቁት ቀደምት የዶሮ አጥንቶች አንዱ ነው። አጥንቱ ስለ ዶሮዋ ይመሰክራል፤ ስለ ማደሪያዋ ዝም ይላል።

የዶሮ ማደሪያ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው የቤት ውስጥ ቆጥ ነው። ወጪ የለውም፤ ባለቤቱንም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ያለ ክፍያ ይቀሰቅሳል። ጉዳቱ ከቆጡ ሥር የሚተኛውን ሰው ብቻ ይመለከታል። ሁለተኛው በአራት እግር ከመሬት ከፍ ብሎ የሚቆመው ነው። ሦስተኛው ተጠጊ ይባላል፤ ከቆመ ግድግዳ ጋር ስለሚለጠፍ የሚሠራለት ሦስት ግድግዳ ብቻ ነው። አራተኛው ግድግዳ የጎረቤት ከሆነ ግን የተቆጠበው ገንዘብ ለሽማግሌዎች ቡና ይወጣል።

ለግድግዳ የሚመረጠው የማሽላ አገዳ ነው። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ አካባቢ፣ በሀብሩ ወረዳ የሚገኝ ሲሆን፣ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት ይታወቃል። ገበሬው ግን ዝርያ ሲመርጥ እህሉን ብቻ አይመለከትም፤ አገዳው የከብት መኖ፣ የምድጃ ማገዶና የግድግዳ እንጨት ነውና ቁመቱንም ይለካል። አጭር ማሽላ እንጀራ ይሆናል፤ ግድግዳ አይሆንም።

የቀረው ዕቃ ሁሉ «ቤት ያለ» በሚል የሒሳብ መደብ ይያዛል። በዚህ መደብ የገባ ነገር ዋጋው ዜሮ ነው። የአልጋ ርብራብ ወለል ይሆናል፤ የተቆረጠ ጀሪካን ውሃ መጠጫ ይሆናል፤ አሮጌ ወንፊት መስኮት ይሆናል። ወንፊቱ አሮጌ መሆኑን የሚያረጋግጠው ባል ነው። ሚስት ዱቄት ልትነፋ በፈለገችበት ዕለት አዲስ እንደነበር ይታወቃል፤ ሒሳቡም እንደገና ይከፈታል።

ስለ ልኬት የዶሮ እርባታ መመሪያዎች ብዙም አይለያዩም። በአንድ ካሬ ሜትር ከአራት እስከ አምስት ዶሮ፣ በቆጡ ላይ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ የእንቁላል መጣያ ሣጥን ይበቃል። ዶሮዎቹ መመሪያውን ስላላነበቡ ሁሉም አንዱን ሣጥን መርጠው ወረፋ ይይዛሉ።

አየር ማስገቢያው ከላይ መሆን አለበት። የሐራ ፀሐይ ቀትር ላይ ባዶ ቆርቆሮን ምጣድ ስለምታደርገው፣ በላዩ ሣር ወይም ገለባ ይጎዘጎዝበታል። ለቅንቅን የምድጃ አመድ ይበተናል፤ ይህም ቤት ያለ ነው። ፈንግል ግን ግድግዳም አመድም አይመልሰውም፤ ክትባት ይጠይቃል፤ ክትባት ደግሞ ቤት የለም።

ግንባታው ሲያልቅ ርክክብ ይደረጋል። ተረካቢው ሸለምጥማጥ ነው። ሥራውን የሚመረምረው በሌሊት ሲሆን፣ ሚስማር የተቆጠበበትን ቦታ ለማግኘት መብራት አያስፈልገውም። የአገር ዶሮ በጓሮ አያያዝ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ በአንድ ሌሊት አንዲት ዶሮ የወሰደ ሸለምጥማጥ የዓመት እንቁላልም ይዞ ሄዷል፤ የተቆጠበችው ሚስማር ግን እስከ ዛሬ በኪስ ውስጥ አለች። በማግሥቱ ሽቦና ማጠፊያ ይገዛሉ፤ ማታ ማታ በር የሚዘጋ ልጅም ይሾማል።

ከዚህ የተነሣ በአካባቢው የዶሮ ቤት ተጠናቀቀ የሚባለው ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ነው። ወጪው የሚሰላውም ከዚያ ወዲህ ነው።