የታክሲ መስኮት፤ አጭር ጥናት

የታክሲ መስኮት በሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ጎን የሚገኝ ተንሸራታች መስታወት ነው። ጥቅሙ ሁለት ነው፦ ይከፈታል፤ ወዲያው «ዝጉት!» ይባላል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ ተነስቶ በጀርመን አደባባይና በመካኒሳ አድርጎ ወደ ሜክሲኮ በሚሄደው መስመር፣ ሁለቱም በየቀኑ ይታያሉ። እንዳይንቀጠቀጥ በታጠፈ ካርቶን የተወጠረ መስታወት ግን በሦስተኛ ክፍል ይመደባል፤ የተከፈተው ተከፍቶ፣ የተዘጋው ተዘግቶ ይኖራል።

የተዘጋ መስኮት ባሕርይ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ 15 ሰው ካስገባ፣ ታክሲው 1,500 ዋት ያመነጫል፤ ይህም የአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግማሽ ኃይል ገደማ ነው፣ እንጀራ ባይወጣበትም። ከሳንባ የሚወጣው አየር በእንፋሎት የተሞላ በመሆኑ፣ በሐምሌ ጠዋት ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ውሃ ይሆናል። መስኮት ዳር የተቀመጠው ተሳፋሪ በሹራቡ እጅጌ ጠርጎ መካኒሳ መድረሱን ያረጋግጣል፤ ሂሳብ ከፍሎ መልስ እስኪቀበል መስታወቱ እንደገና ይደፈናል።

የተከፈተ መስኮት ባሕርይ። ከፊት መስኮት የሚገባው ንፋስ ወደ ኋላ ይነፍሳል ተብሎ ይታመናል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ተሽከርካሪ ሲሮጥ አየሩ የፊት መስታወቱን ዞሮ በጎን ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ዳንኤል ቤርኑሊ በ1738 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደተገለጸው፣ የሚፈጥን አየር ግፊቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አየር በኋላ መስኮት ገብቶ በፊት መስኮት ይወጣል። በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. በአንድ የቤት መኪና ሞዴል ላይ በኮምፒዩተር ባደረጉት ስሌት ይህንኑ አግኝተዋል። እንግዲህ ጋቢና ያለው ሰው መስኮቱን ሲከፍት ከኋላ ወንበር «ኧረ ንፋሱ!» የሚል ድምፅ ቢሰማ፣ ተናጋሪዋ የፈሳሾችን ሕግ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሴት ናቸው።

ንፋስ ይመታል ወይ? ይመታል። ቆዳን እንደ ስስ ልብስ የሸፈነውን ሞቃት አየር ይገፍፋል፣ ላብን ያተናል፣ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። የምቱ ጉልበት በአየሩ ጥግግት ይለካል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ የጀሞ ንፋስ በእኩል ፍጥነት ከሚነፍሰው የጅቡቲ ንፋስ በአንድ አምስተኛ ያህል ይደክማል። ይህ መረጃ ለተሳፋሪዎች እስካሁን አልደረሰም።

ከጤና አንጻር። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ቫይረስ ደግሞ በመስኮት ከሚገባው ንፋስ ይልቅ አጠገብ ከሚያስለው ሰው ዘንድ በብዛት ይገኛል። የቲቢ ጀርምም የሚመቸው የታፈነ አየር ነው፤ የጤና ባለሙያዎች «መስኮት ክፈቱ» የሚሉት ለዚህ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ምክሩ ተሰምቶ ነበር፤ ወረርሽኙ ሲረሳ መስኮቱም ተዘጋ።

የክርክሩ አፈታት። ታክሲው ጀርመን አደባባይ ላይ በመኪና ብዛት ሲቆም ንፋሱም አብሮ ይቆማል፤ ክርክሩ ግን ይቀጥላል። በዕድሜ የገፉ እናት «ልጄ፣ እስቲ ዝጋልኝ» ካሉ መስኮቱ ይዘጋል፤ ቤርኑሊም ይግባኝ አይጠይቅም። ረዳቱ ገለልተኛ ነው፤ በሩን ከፍቶ፣ ግማሽ አካሉን ውጭ አድርጎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ስለሚል ጉዳዩ አይመለከተውም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ድምዳሜ አጭር ነው፦ ንፋስ የሚፈራ ሰው ጋቢና ይግባ።