ማንንም የማይተው ኮታ

የቀበሌ ሹም ደረቱን ነፍቶ «የወታደር ኮታችንን መቶ በመቶ ሞላን» ሲል ደሜ ይፈላል። ዛሬ ግን ላመስግን። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎ ለዓመታት ያጣነውን አካታችነት ያመጣልን ማን ሆነና? አፈሳ! ሰሞኑን በክራንች የሚሄድ የሰፈራችን ልጅ ከባጃጅ ተራ ተለቅሞ አንድ ሌሊት ታጉሮ አደረ። ሯጩ አምልጧል፤ መሮጥ ያልቻለው ተገኝቷል። ኮታ ራስ እንጂ እግር አይቆጥርም። ሥራ ሲጠይቅ «ብቁ አይደለህም» የተባለ ሁሉ እነሆ በአንድ ሌሊት ብቁ ሆነ።

የሕዝብ ሕንፃ ለዊልቸር መግቢያ ይኑረው የሚለው አዋጅ 624 የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ የቀበሌያችን ደረጃ ግን ዛሬም ደረጃ ነው። አሁን ዊልቸር አይሱዙ ላይ ሊጫን ነውና ራምፕ መሠራቱ አይቀርም። ለመኪናው ከተሠራ ምሽጉም ይገባዋል። በምሽጉ ራምፕ ጠላት ተንደርድሮ እንዳይገባ «ለአካል ጉዳተኞች ብቻ» የሚል ሰሌዳ ይተከላል፤ ሰሌዳው በብሬልም ይጻፋል። መስማት ለተሳነው ወታደር «ተኛ!» የሚለውን በምልክት ቋንቋ የሚነግር አስተርጓሚ ይቀጠራል። አስተርጓሚው እጁን አንሥቶ እስኪጨርስ ጥይቱ እንዲታገሥ ለተቃራኒው ወገን ደብዳቤ ይጻፋል፤ ግልባጭ ለማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት። ደብዳቤው ማኅተም ይፈልጋል። ባለማኅተሙ ስብሰባ ላይ ናቸው። እናም ውጊያው ለሰኞ ይቀጠራል፤ ሰኞ ደግሞ መብራት የለም። ስንት ሽማግሌ ያቃተውን ሰላም አንድ ራምፕ አመጣው ማለት ነው!

የባኮ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤትም የአልሞ ተኳሽ ክፍል ቢከፍት አይከፋም።

ኧረ ተዉ! ይህ ምልመላ አይደለም፣ ሰው ማፈስ ነው። ደርግ እንኳ ወጣቱን ከየቀበሌው ሲለቅም በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አውጥቶ ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ 1100/2011 ግን የሚለው ፈቃደኛና ብቁ የሆነ ሰው ይመልመል ነው። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ከተሞች በግዳጅ ከተያዙት መካከል ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንዳሉ፣ ለማስለቀቅም ገንዘብ እንደሚጠየቅ ይፋ አድርጓል። ክራንችም ዋጋ አለው ማለት ነው፤ ለባለቤቱ መደገፊያ፣ ለያዡ ገቢ።

ኮታ የምታወርዱ የዞንና የወረዳ ሹማምንት ሆይ፣ በፈቃዱ የሚዘምት ከጠፋ ለምን እንደጠፋ ጠይቁ። እስከዚያው የያዛችሁትን ልቀቁ።