ስለ ትኋንና ስለ አነፍናፊ ውሻ በማክሰኝት የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ ከማንም እጅ ሹመት ሳንቀበል በገዛ እከካችን የተሾምን፣ መዓልቱን በሥራ ሌሊቱን በማከክ የምንፈጽም፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር በማክሰኝት ከተማ የምንገኝ ነዋሪዎች፣ ከዐፄ ፋሲል ጀምሮ በጎንደር የነገሡት ነገሥታት በነጋሪት ዘመቻን፣ ግብርንና ምሕረትን ሲያሳውጁ የሕዝባቸውን እንቅልፍ ግን ለየሰው ትዕግሥት ትተውት እንዳለፉ ስለምንገነዘብ፣ ከዚያም ወዲህ የመጣው ሹም ሁሉ ከራሱ አልጋ ሳይነሣ የእኛን አልጋ ሊያይልን እንደማይችል ስለ ተረዳን፣ በሕገ ልቡና ተመርተን ከዚህ የሚከተለውን አውጀናል።

ጠላታችን ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። ትኋን ክንፍ የሌለው፣ መዝለል የማይችል፣ ጎልማሳው ከአምስት እስከ ሰባት ሚሊሜትር የሚረዝም፣ መዓልቱን በአልጋ መጋጠሚያ፣ በፍራሽ ስፌት፣ በመደብ ስንጥቅና በጭቃ ግድግዳ ውስጥ እንደ ባሕታዊ ተሰውሮ የሚውል፣ ሌሊት ግን የተኛውን ሰው ትንፋሽና ሙቀት ተከትሎ ከበኣቱ የሚወጣ ደም መጣጭ ነው። ከእንቁላል ወጥቶ እስኪጎለምስ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይገፋል፤ ከእያንዳንዱም መግፈፍ በፊት ደም መጠጣት ግድ ይሆንበታል። ሴቲቱ በዕድሜዋ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ደም ሲያጣ ደግሞ ወራት ሙሉ ሳይበላ ይቆያልና፣ ቤቱን ዘግተን ዘመድ ጥየቃ ብንሄድ በረኃብ ያልቃል የምትሉ ወገኖች፣ ጾምን ከእናንተ ይልቅ እርሱ እንደሚችለው እወቁ።

በአያቶቻችን ዘመን አንድ ጊዜ ድል ያደረግነው መስሎን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በጎረቤታችን በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በዓመቱ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም፣ በ1959ም የወባ ማጥፋት አገልግሎት ሲመሠረት፣ ዲዲቲ ረጪዎች ፓምፓቸውን አዝለው ከቤት ቤት እየገቡ ግድግዳውን ሁሉ ነጭ አደረጉት፤ የተዘመተው በወባ ትንኝ ላይ ቢሆንም ባለቤቱ በልቡ የተመኘው የትኋኑን ሞት ነበር። ይሁን እንጂ ትኋን ለዲዲቲ አለመበገሩ በሃዋይ በሚገኝ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር የታየው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ረጪው የደንቢያን ደጃፍ ሳይረግጥ ጠላት መድኃኒቱን አጥንቶ ጨርሶ ነበር ማለት ነው።

ወበእንተዝ፣ አፍንጫ ያስፈልገናል።

አገራችን ለአነፍናፊ ውሻ እንግዳ አይደለችም። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በሰሜን የተቀበረውን ፈንጂ በማምከን ሥራ ውሾች ተሰማርተዋል፤ የፌዴራል ፖሊስም ለፈንጂና ለአደንዛዥ ዕፅ ፍተሻ ያሠማራቸዋል። በውጭ አገር ደግሞ ትኋን የሚያሸት ውሻ እንጀራው ሆኖ የሚያድር ሰው ብዙ ነው። በ2016 ዓ.ም. መባቻ የፓሪስ ከተማ በሲኒማ ቤትና በባቡር ወንበር ላይ ትኋን ታየ ተብሎ ስትታመስ፣ ባለ ውሾቹ ገበያቸው ደርቶ እንደ ነበር ሰምተናል። ፓሪስ ያላፈረችበትን ማክሰኝት የምታፍርበት ምክንያት አይታየንም።

አንቀጽ 1። ውሻ ወደ ቤት ስለ መግባቱ። ውሻ ከደጅ እንዲያድር፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም እንዲባረር እየተማርን ባደግንበት አገር፣ ውሻ ከመኝታ ቤት ገብቶ አፍንጫውን በአንሶላ ላይ ያሳርፍ ማለት ቀላል ድንጋጌ እንዳልሆነ እናውቃለን። ስለ ረቂቁ የጎረቤት ሐሳብ ሲሰበሰብ አንዲት መነኩሲት፣ «እማሆይ፣ ከአልጋዎ ሥር ለአንድ አፍታ ብቻ ቢያሸትልዎስ?» ተብለው ቢጠየቁ፣ «ልጄ፣ ትኋኑ እንኳ የለመደው የክርስቲያን ደም ነው፤ ውሻ አልጋዬን ከሚነካው እርሱ ይብላኝ» ብለዋል። ስለዚህ ውሻው ከመግባቱ በፊት እግሩ ይታጠብ፤ ከወጣ በኋላ ቤቱን ጠበል ማስረጨት የፈለገ ባለቤት በራሱ ወጪ ያስረጭ። ውሻው ይህን እንደ ስድብ አይቈጥረውም።

አንቀጽ 2። ስለ ውሻው ደመወዝ። ውሻው የሚሠለጥነው በሕይወት ያለ ትኋን በተከተተበትና አየር በሚያሳልፍ ክዳን በተዘጋ ትንሽ ብልቃጥ ነው፤ ብልቃጡ ይደበቃል፣ ውሻው ያሸታል፣ ሲያገኘው ይቀመጣል ወይም በእግሩ ይጠቁማል፣ ወዲያውም ሥጋ ይጎርሳል። በደንብ የተማረ ውሻ ሕያዉን ትኋንና ያልተበላሸውን እንቁላል ከሞተው፣ ከተገፈፈው ቆዳና ከጥቁሩ ኩስ ለይቶ ያውቃል፤ ይህ ብዙ ሰው የማይችለው ጥበብ ነው። ችግሩ የሚመጣው በዐቢይ ጾም ነው። ኀምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ሳለ በየጓዳው ሥጋ ይዞ የሚዞር ሰው ቢገኝ፣ ሕዝቡ ትኋኑን ረስቶ ሰውዬውን ማሳደዱ አይቀርም። ውሻ ስላልተጠመቀ ጾም አይገደድም የሚል ክርክር ከሊቃውንቱ አንዱ ቢያነሣም፣ ገመድ ያዡ የተጠመቀ በመሆኑ፣ በጾም ወራት ውሻው በዳቦ እንዲሠራ ተወስኗል። ዳቦ አልበላም ካለ እስከ ፋሲካ ፈቃድ ይሰጠው። የመንደራችን ውሾች ለፋሲካ ሲታረድ ሥጋውን ከሦስት ሰፈር ርቀት ማሽተታቸውን እንደ ልምድ ቈጥረው ለዚህ ሥራ እንዳይወዳደሩ በዚሁ አንቀጽ ተከልክለዋል።

አንቀጽ 3። ስለ ገመድ ያዡ። የዚህ አዋጅ ልብ ያለው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ያንቀላፋችሁ ንቁ። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ሁሉ ነገር በሥርዐት በተዘጋጀበት ፈተና የሠለጠኑ ውሾች ከመቶ 97.5 ያህሉን በትክክል አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች 11 ውሾችን ከነገመድ ያዦቻቸው ሰው ወደሚኖርባቸው አፓርታማዎች ቢያስገቧቸው፣ ትኋን ካለባቸው ቤቶች ያገኙት በአማካይ ከመቶ 44ቱን ብቻ ሆነ፤ ትኋን ከሌለባቸውም ከመቶ 15ቱን አለባቸው ብለው መሰከሩ። ሌላው ቢቀር አንዱ ውሻ ከሌላው፣ አንዱ ያዥ ከሌላው እጅግ የተራራቀ እንደ ነበር ልብ ይሏል። ውሻ በመቀመጡ የሚበላ ከሆነ ሲርበው መቀመጡ አይቀርም፤ ያዡም በዚህ ቤት ትኋን አለ ብሎ አስቀድሞ ካመነ፣ ሳይታወቀው ገመዱን ያላላል፣ እርምጃውን ይገታል፣ በዓይኑም ይጠቅሳል፤ እንስሳውም የጌታውን ልብ ከትኋኑ ሽታ አስበልጦ ያነባል። በዚህ ውሻውን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። እኛ ዳቦ አይቶ የሚቀመጠውን ውሻ እናወግዛለን፤ ውሎ አበል አይቶ የሚቀመጠውን ግን ሰብሳቢ እናደርገዋለን።

ስለዚህ ውሻ ስለ ተቀመጠ ብቻ ማንም ቤት ትኋናም ተብሎ አይፈረድበት። ፍራሹ ይገለጥ፣ የአልጋው ጣውላ ይፈታ፣ ባትሪ ይብራ፤ የሚንቀሳቀስ ትኋን ወይም በስፌቱ ላይ የተጣበቀ፣ አንድ ሚሊሜትር የሚያህል ነጭ እንቁላል በሰው ዓይን ታይቶ በብልቃጥ ይያዝ። ያዡም ራሱ ይፈተን፤ ብልቃጡን እርሱ በማያውቀው ስፍራ ሌላ ሰው ይደብቅበት፣ አንዳንድ ቀንም ጭራሽ ምንም ሳይደበቅ ይዙር። ባገኘው ትኋን ቍጥር አበሉ የሚጨምር መርማሪ በዚህች ከተማ አይቀጠር። ይህ ክፍል ለትኋን ብቻ የተጻፈ ነው፤ ወደ ሌላ የምርመራ ሥራ የሚተረጕመው ሰው በገዛ ኀላፊነቱ ይተርጕም።

አንቀጽ 4። ስለ ኀፍረት። «ከእንግዳ ነው የመጣብን» የሚል ንግግር ከእንግዲህ ወዲያ ተቀባይነት የለውም፤ ምክንያቱም በዚህ ክርክር መሠረት በማክሰኝት የተወለደ አንድም ትኋን ስለማይገኝ፣ ሁሉም እንግዳ ተቀባይነታችንን ሰምቶ የመጣ ሊሆን ነው። ለጥምቀት ጎንደር አልጋ ሲጠፋ ወደዚህ የሚመጣውን መንገደኛ «አልጋ አለ» ብሎ የሚቀበል ባለ አልጋ ቤት፣ ስለ አልጋው ብቻ ሳይሆን ስለ ነባር ተከራዮቹም እውነቱን ይንገረው። ፍራሹንም ለማስጣት የወደደ በጓሮ ሳይሆን በደጃፉ ያስጣ።

የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። ውሻው እስኪመጣ ድረስ የፈላ ውኃ በአልጋው መጋጠሚያና በጠፍሩ ላይ ይፍሰስ፤ ልብስና ጋቢ ከ60 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውኃ ይታጠብ። ፀሐይ ብቻዋን አታድንም፤ ትኋኑ ወደ ፍራሹ ሆድ ገብቶ ምሽቱን ይጠብቃልና። ላምባ በአልጋ ላይ ማፍሰስ፣ ከትኋኑ ጋር ቤቱን ላለማቃጠል ሲባል፣ ተከልክሏል። ለእህል ተባይ የተገዛውን ማላታይን ሕፃን በሚተኛበት ፍራሽ ላይ መርጨትም ብርቱ ወንጀል ነው፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

ይህ አዋጅ ውሻው ማክሰኝት ከገባበት ዕለት ጀምሮ የጸና ይሆናል። የሚገባበት ዕለት አልተቈረጠም፤ በጀትም አልተያዘለትም። ምርመራው ሲጀመር ግን የመጀመሪያው ቤት የዚህ አዋጅ ጸሐፊ ቤት ነው፤ አውራ ጣታችንን በደም ነክረን ያተምነውን ማኅተም ማየት የሚፈልግ ሁሉ ከአልጋው ራስጌ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በብዛት ያገኘዋል።