ማስታወቂያው የዘለላቸው ዕቃዎች

ተገጣጥሞ የሚሸጥ የጌም ኮምፒውተር ማለት ገዢው ክፍሎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ከመግጠም ይልቅ ሌላ ሰው መርጦና ገጥሞ በአንድ ዋጋ የሚያቀርበው፣ ከባድ የቪዲዮ ጌሞችን እንዲያጫውት የታሰበ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። ይህን ሸቀጥ ከሌላው የሚለየው ገዢው በዐይኑ የሚያየው ኬዙን፣ በጆሮው የሚሰማው የሁለት ክፍሎችን ስም፣ ከኪሱ የሚከፍለው ግን የስምንት ዕቃ ዋጋ መሆኑ ነው። ማስታወቂያ ጸሐፊው ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን በጉልህ ፊደል ያውጃል፤ ራሙንና ማከማቻውን በቁጥር ብቻ ይጠቅሳል፤ ማዘርቦርዱን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ማቀዝቀዣውንና ኬዙን በተመለከተ ደግሞ «ውብ ዲዛይን» ብሎ ያልፋል። ገጣጣሚ ነጋዴ ስሙን በሚጠራው ዕቃ ላይ ገንዘብ ያወጣል፣ ስሙን በማይጠራው ላይ ይቆጥባል፤ በመሆኑም ኪሱ ያልደላው ገዢ ከማስታወቂያው ውስጥ አጥብቆ ሊያነበው የሚገባው ያልተጻፈውን ነው።

የበጀቱ አመጣጥ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ቤተሰብ ውስጥ የጌም ኮምፒውተር ለጌም ተብሎ ተገዝቶ አያውቅም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም፤ የሚገዛው ሁልጊዜ ለትምህርት ነው። ልጁ ለአባቱ በሚያቀርበው ማመልከቻ ውስጥ የምሕንድስና ንድፍ፣ የቪዲዮ ማቀናበርና የፕሮግራሚንግ ትምህርት የሚሉ ከባድ ቃላት ይደረደራሉ፤ «አባዬ፣ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር እኮ ኦቶካድ ሲከፍት ይጨናነቃል» ይላል። አባትም የማስታወቂያውን ፎቶግራፍ መነጽራቸውን አድርገው ከመረመሩ በኋላ «ይሁን፤ ይህ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ መብራት ግን ለኦቶካድ ምን ያደርግለታል?» ሲሉ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄያቸውም ከቴክኒክ አንጻር እንከን የማይወጣለት ነው። ገንዘቡ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ በኩል የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ በጀቱ በዶላር ባለበት ቆሞ በብር ሲለካ ይሮጣል፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ተቆጥቦ የቆየ የኮምፒውተር በጀት ቆጣቢው ሳያወጣው የተበላ ሆኗል።

ከክፍሎቹ ሁሉ በማዕረጉ የሚታወቀው ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ትእዛዞች አስልቶ የሚያስፈጽመው ማዕከላዊ ክፍል ነው፤ በአዲስ አበባ የኮምፒውተር ሱቆች ከማዕረጎች ሁሉ የሚከበረው ደግሞ «ኮር አይ ሰቨን» ነው። ኢንቴል ይህን ስም ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ትውልድ በተለወጠ ቁጥር በዚያው ስም አዲስ ፕሮሰሰር ሲያወጣ ስለኖረ፣ ስሙ ብቻውን ስለ ዕድሜ የሚናገረው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ7-2600 አራት ኮር፣ ማለትም ሥራን ጎን ለጎን የሚሠሩ አራት የማስሊያ ክፍሎች አሉት፤ በ2022 የወጣውና በማዕረግ ብዙ ዝቅ የሚለው አይ3-12100ም አራት ኮር አለው፤ የታናሹ እያንዳንዱ ኮር ግን ከታላቁ እጅግ የፈጠነ በመሆኑ፣ በዚህ ቤት ታላቅን ማክበር የሚያስከፍለው ዋጋ በጌሙ ላይ ወዲያው ይታያል። ትውልዱን የሚነግሩት ከሰረዙ ቀጥለው የሚመጡት አሃዞች ሲሆኑ፣ 2600 ሁለተኛውን፣ 12100 ደግሞ አሥራ ሁለተኛውን ትውልድ ያመለክታል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው በአመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ብቻ ስለሆነ፣ የቀደመው አይ ሰቨን ክብሩ ሱቁ ውስጥ ቢታፈርም በማይክሮሶፍት ዘንድ የጡረታ ወረቀቱ ተጽፏል። ነጋዴው «ኮር አይ ሰቨን ነው እኮ ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?» ሲል ገዢው «ስንተኛ ትውልድ ነው?» ብሎ ቢመልስለት፣ ነጋዴው ድንገት ስልኩ የጠራ ይመስለዋል።

ግራፊክስ ካርድ ምስሉን አስልቶ ወደ ስክሪን የሚልክ፣ የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ሜሞሪ ያለው ክፍል ነው። የጌሙ ፍጥነት በዋነኛነት የሚወሰነው በእሱ ስለሆነ፣ ከጠቅላላው በጀት ሲሶውን ወይም ከዚያም በላይ ቢወስድ አይነቀፍም። የሚነቀፈው የአምራቾቹ የስም አወጣጥ ነው፤ በዚህ ረገድ ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ለተመራማሪዎች ብዙ ማስረጃ ትቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጂቲኤክስ 1060 በሁለት ዓይነት ሲወጣ፣ ልዩነቱ የሜሞሪ መጠን ብቻ፣ ማለትም 3 እና 6 ጊጋባይት መስሎ ቢታይም ባለ 3ቱ በማስሊያ ክፍሎች ብዛትም ያነሰ ነበር፤ አንደኛው 1280 ሲኖረው ሌላው 1152 ነበረው። በ2017 የወጣው ጂቲ 1030 ደግሞ በዓመቱ ሜሞሪው በዘገምተኛ ዓይነት ተተክቶ በዚያው ስም ለገበያ ቀረበ፤ የአዲሱ ሜሞሪ መረጃ የማስተላለፍ አቅምም ከቀድሞው ወደ ሲሶ ወረደ። ታሪኩ በ2024 ሲደገም አርቲኤክስ 3050 በ8 ፈንታ 6 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ፣ ከ2560 የማስሊያ ክፍሎቹ 2304 ቀርተውለት ብቅ አለ። ሞክሼዎች በሰፈር ውስጥ በአባት ስም ይለያሉ፤ በግራፊክስ ካርድ ዓለም የአባትን ስም የሚተካው የሜሞሪው መጠንና ዓይነት ስለሆነ፣ «አርቲኤክስ አለው» የሚል ማስታወቂያ ሙሉ ስሙን እስኪናገር ድረስ ምንም እንዳልተናገረ ይቆጠራል።

ካርዱ ምን ያህል ጉልበት ያስፈልገዋል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በስክሪኑ ነው። በርካታ በጀት ጠባቂዎች የሚጠቀሙበት 1920 በ1080 የሚባለው ስክሪን 2,073,600 የምስል ነጥቦች አሉት፤ ፎርኬ የሚባለው ደግሞ 8,294,400፣ ማለትም ልክ አራት እጥፍ ነጥቦች አሉት፤ ካርዱ እነዚህን ነጥቦች በየሰከንዱ ደጋግሞ መሳል ስላለበት ድካሙም አብሮ ይጨምራል። በመጠነኛ ካርድ ላይ ፎርኬ ስክሪን የሚገዛ ሰው ጌሙን የሚያየው በጣም ጥርት ባሉና በየተራ በሚመጡ ፎቶግራፎች መልክ ነው። በአንጻሩ በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚቀይር፣ በሙያው አነጋገር 144 ሄርዝ የሆነ ስክሪን ገዝተው ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ 60 ላይ እንዳለ ትተውት ለዓመታት «ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል» ሲሉ የኖሩ ሰዎች አይታጡም። የስክሪኑን ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካት ሲገባው ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ገዢ ደግሞ ከሁሉም የላቀ ደረጃ ላይ ይገኛል፤ ካርዱን በሙሉ ዋጋ ገዝቶ እንግዳ አድርጎ አስቀምጦታልና። ተገጣጥሞ የሚሸጠው ኮምፒውተር ዋጋ ስክሪንን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይጨምር፣ በጀቱን አሟጦ ሳጥኑን የገዛ ሰው ቀሪውን ወር የሳሎኑን ቴሌቪዥን ከቤተሰቡ ጋር በፈረቃ ይጠቀማል።

ወደ ራም ሲመጣ ማስታወቂያው ማጉረምረም ይጀምራል። ራም ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ እያለ የሚያስፈልገውን መረጃ የሚይዝበት ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ ሲሆን፣ «16 ጊጋባይት» የሚለው አጻጻፍ አንድ ባለ 16 ወይም ሁለት ባለ 8 መሆኑን አይገልጽም። ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር በሁለት መስመር መነጋገር ስለሚችል፣ ሁለቱ ባለ 8 ሁለቱንም መስመር ሲጠቀሙ አንዱ ባለ 16 ግን ግማሹን መንገድ ባዶ ያስቀረዋል፤ ገጣጣሚዎች አንዱን የሚመርጡት ስለሚረክስላቸው ነው። ከዚህም ሌላ 6000 ተብሎ የተገዛ ዲዲአር5 ራም፣ ባዮስ በሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ፍጥነቱ እንዲከፈት ካልታዘዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ4800 ይሠራል፤ ገጣጣሚው ይህን አንዲት ቁልፍ መጫን ከዘነጋ ገዢው ለፍጥነቱ ከፍሎ በፍጥነቱ ሳይጠቀም ያረጃል።

ማከማቻን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። በሚሽከረከር ሳህን ላይ የሚጽፈው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት አካባቢ፣ የሚሽከረከር ክፍል የሌለውና ሳታ በሚባለው መስመር የሚሠራው ኤስኤስዲ 550 አካባቢ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ኤንቪኤምኢ ደግሞ እንደ ትውልዱ ከ3,500 እስከ 7,000 እና ከዚያም በላይ ያነባል። ገዢው ጌሙ እስኪከፈት ቡና ማፍላት ካላሰበ በስተቀር ከኤስኤስዲ በታች መውረድ አይገባውም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ባልዱርስ ጌት 3 ብቻውን 150 ጊጋባይት ቦታ ስለሚጠይቅም 256 ጊጋባይት የያዘ «የጌም ኮምፒውተር» የአንድ ጌም ኮምፒውተር ማለት ነው።

መብራቱ ግን ሰፊ ትንታኔ ይገባዋል። በማራገቢያዎቹ፣ በራሙና በኬዙ ጠርዝ ላይ የሚበራው ባለብዙ ቀለም መብራት በጌሙ ፍጥነት ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ሆኖም በፎቶግራፍ ላይ ጎልቶ የሚታየው እሱ ስለሆነ በርካሽ ኮምፒውተሮች ውስጥ ሊቀር የማይችል ክፍል ሆኗል። ከመብራቱ ጋር አብሮ የመጣው የፊት መስታወት ደግሞ ውስጡን ለማሳየት ሲል አየር የሚገባበትን በር ይዘጋል፤ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ሙቀታቸው ከልክ ሲያልፍ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ስለሚቀንሱ፣ ገዢው በመስታወቱ ውስጥ በደማቅ ሰማያዊ ብርሃን የሚያየው የከፈለበት ፍጥነት ሲቀንስ ነው። የተበሳሳ ፊት ያለው፣ በመልኩ ማንም የማያሞግሰው ኬዝ ለጌሙ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ለእንግዳ ማሳያ ግን እንደማይሆን አይካድም።

ማስታወቂያው ፈጽሞ የሚዘለው ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለክፍሎቹ በሚስማማ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። «600 ዋት» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለው፣ የአምራቹ ስም የማይታይበት ፓወር ሰፕላይ የራሱን ምስክርነት ራሱ የሚሰጥ ባለጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው 80 ፕላስ የተባለ መለያ ሳጥኑ ከተቀበለው ኤሌክትሪክ ቢያንስ 80 በመቶውን ለክፍሎቹ እንደሚያደርስ ያረጋግጣል፤ የሚለካው ብክነትን እንጂ አደጋ የመከላከል ችሎታን ባይሆንም፣ እሱም የሌለው ሳጥን ቢጠረጠር ፍትሐዊ ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ኮምፒውተር በዚህ ነጥብ ላይ የተለየ ምርመራ ይሻል፤ በአንዳንድ ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች፤ በ120 ቮልት አገር 115 ላይ ተደርጋ የቆየች ማብሪያ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ እንዳለች ከተሰካች፣ ዘመድ ስድስት ወር የቆጠበለት ስጦታ በአንድ ድምፅ ይጠናቀቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ በሚዋዥቅበት ሰፈር የሚኖር ሰው የመብራት ጌጡን ዋጋ ወደ ደህና ፓወር ሰፕላይና ወደ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ ወደሚያቆየው ዕቃ ቢያዞር ይበጀዋል፤ የሰፈሩ ርካሽ ስታቢላይዘር ብቻውን የሚሰጠው ዋስትና «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» በሚለው ተረት አስቀድሞ ተብራርቷልና።

ማዘርቦርድ፣ ማለትም ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ የሚያስቀይመው ዛሬ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንዳንድ ትልልቅ አምራቾች ማዘርቦርዱንና ፓወር ሰፕላዩን ለራሳቸው ብቻ በሚስማማ ቅርጽና መሰኪያ ስለሚሠሩ፣ አንዱ ሲበላሽ ከሌላ ሱቅ የተገዛ መተኪያ አይገጥምም፤ በጀቱ ጠባብ የሆነ ሰው ደግሞ ኮምፒውተሩን የሚያሻሽለው ሙሉውን በመለወጥ ሳይሆን ክፍል በክፍል በመተካት ስለሆነ፣ ርካሹ ግዢ ነገ የሚያስወጣው ወጪ ዛሬ ካተረፈው ይበልጣል። ሁለት የራም መሰኪያ ብቻ ያለውና ሁለቱም የተያዙበት ሰሌዳም ከዚሁ ጉዳይ ይቆጠራል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው የምርጫ ቅደም ተከተል ከማስታወቂያው ቅደም ተከተል ይለያል። በመጀመሪያ የሚጫወቱት ጌም ይታወቃል፤ ካውንተር ስትራይክን፣ ቫሎራንትን ወይም ሊግ ኦፍ ሌጀንድስን ብቻ የሚጫወት ሰው መጠነኛ ካርድ ይበቃዋል፣ የተቀረው ገንዘብም ለስክሪኑ ይተርፋል። ቀጥሎ ካርዱ በሙሉ ስሙ፣ ፕሮሰሰሩ በትውልዱ፣ ራሙ በቁጥሩና በአቀማመጡ ይጠየቃል። በመጨረሻም ገዢው ለፓወር ሰፕላዩ አምራች ስም ሲል ኬዙ እንዲከፈትለት በትሕትና ይጠይቃል፤ ስሙን ለማንበብ ጥቂት ብሎን መፍታት ብቻ የሚበቃ በመሆኑ፣ ነጋዴው «ወንድሜ፣ ከተከፈተ እኮ ዋስትናው ይበላሻል» እያለ መፍቻውን ፍለጋ የሚፈጀው ጊዜ መልሱን ከስሙ ቀድሞ ይነግረዋል።